ባለመኖሪያ ፈቃድ ባል ይዞ ኬንያ መሻገር

ከናንዩኪ ተመልሰን አያት ከገባን ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። የኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ በወጣሁ በወረድኩ ቁጥር ጎረቤት ያስቆመኛል። «እንዴት ሆናችሁ? ቶማስን አሳለፉት?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ቆሜ እንድተርክ ጉልበቴ እሺ አላለኝም፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። የማትሄዱት መንገዱን እንድታዩት፣ የምትሄዱት ደግሞ እኛ በገባንበት ጣጣ እንዳትገቡ።

መጀመሪያ ሰዎቹን ላስተዋውቅ። እኔ ጥሩወርቅ እባላለሁ፤ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ባለቤቴ ቶማስ ህንዳዊ ነው፣ የኬረላ ሰው። በወጣትነቱ ፊዚክስ ሊያስተምር አሰላ መጣ፣ እዚያ ተዋወቅን፣ ተጋባን፤ ኢትዮጵያ ከገባ ይኸው ሠላሳ ስድስት ዓመት ሆነው። ፓስፖርቱ ግን ዛሬም የህንድ ነው። የሌላ አገር ዜግነት ከወሰደ የእነሱን መመለስ አለበት፤ እናቱ ደግሞ በሕይወት ሳሉ ይህን እንዳያደርግ አስምለውታል። ስለዚህ እዚህ የሚኖረው በቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ነው። አማርኛው ከብዙዎቻችን ይሻላል፤ ብቻ «ጥ» እና «ጭ» እስካሁን አልሆኑለትም። እኔንም «ትሩዬ» ነው የሚለኝ።

አንድ ልጅ አለችን፣ ሐና። የእንስሳት ሐኪም ናት፣ ናንዩኪ በምትባል የኬንያ ከተማ ትሠራለች። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት፣ ቅዳሜ ቀን፣ ኪማኒ የሚባል የዚያው አገር ልጅ ልታገባ ቀን ቆረጠች። ከቦሌ ናይሮቢ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ነው። እኛን ግን ምድር ለምድር ያስኬደን የቶማስ ጆሮ ነው። የጆሮው ታምቡር ተቀዶ ቦሌ ያለ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ከሠርጉ ሁለት ሳምንት በፊት ተሰፋለት። ሐኪሙም «በመኪና የፈለጉበት ይሂዱ፣ አውሮፕላን ግን ለጊዜው አይታሰብም» አለው።

ኢትዮጵያውያን ኬንያ ለመግባት ቪዛ እንደማንጠየቅ አውቃለሁ። የቶማስን ነገር ለማጣራት አትላስ አካባቢ ያለ የጉዞ ወኪል ቢሮ ሄድኩ። ልጅቷ ከስልኳ ቀና ሳትል፣

«ማዘር፣ ፐርማነንት ሬዚደንት ናቸው አይደል?» አለችኝ።

«ሠላሳ ስድስት ዓመት የኖረ ሰው ነው።»

«በቃ፣ እንደ አገሩ ሰው ነው የሚታዩት። አያስቡ።»

እኔም አላሰብኩም።

ሰኞ

ገና ሳይነጋ ከአያት ተነሳን። አንድ ሻንጣ የቶማስ ሙሉ ልብስና የእኔ ቀሚስ፣ አንድ ሻንጣ ደግሞ ለሐና በርበሬና ሽሮ፣ ለሙሽራው እናት ነጠላ። አውቶቡሱ በፈጣን መንገዱ ሲከንፍ፣ ሌላ ቀን ከአያት መገናኛ ለመድረስ በምንፈጀው ጊዜ ሞጆን አለፍን። ሐይቆቹን በመስኮት እያየሁ ለቶማስ አወራለሁ፣ አወራለሁ፤ መልስ የለም። ዝዋይን ካለፍን በኋላ ነው የታወቀኝ፤ ለካ የተቀመጥኩት ጥጥ በተወተፈበትና በፋሻ በተሸፈነው ጆሮው በኩል ኖሯል። ተነስተን ቦታ ተቀያየርን። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ድረስ ከግራው አልጠፋሁም።

ሐዋሳ ገብተን ሐይቁ ዳር ምሳ በላን። የኬረላ ሰው ፊት ዓሣ ከቀረበ አጠገቡ ሚስት መኖሯን ይረሳል። እኔ ጥብሱን ስቆነጣጥር እሱ ሁለተኛውን አጋመሰ፤ አጥንቱን እንደ ፈተና ወረቀት አንድ በአንድ እየለየ ሰሃኑ ጠርዝ ላይ ደረደረው። «ከልጅነቴ ወንዝ ዓሣ ትንሽ ነው የሚያንሰው» አለ። ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ያደርንበት ቤት አልጋው መሃሉ የሰመጠ ስለነበር ሁለታችንም ተንከባልለን መሃል ላይ ስንገናኝ አደርን።

ማክሰኞ

ከሐዋሳ በሚኒባስ ወደ ያቤሎ። ዲላ ድረስ ሙዙም አናናሱም በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድሮ ዓይን ያጠግባል። ከዲላ ወዲያ አስፋልቱ ተበላሸ። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ቶማስ በመዳፉ ጆሮውን ይይዛል። አጠገባችን የተቀመጡ አንዲት እናት ምን እንደሆነ ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲያ ሾፌሩ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ከኋላ «ሾፌር፣ ጆሮ!» ይላሉ። ቀስ በቀስ መኪናው ሙሉ ተቀበላቸው። ከፊት ያሉት ጉድጓድ ሲያዩ አስቀድመው «ጆሮ!» ብለው ይጮሃሉ፣ ሾፌሩም እየሳቀ ያበርዳል። ቡሌ ሆራን እንዲህ እየተባለ አለፍን። አያት ውስጥ አንድ ፎቅ ላይ እየኖርን ሰላምታ የማንለዋወጥ ሰዎች አሉ፤ እዚያ ስማችንን እንኳ ያልጠየቁ አሥራ አራት ሰዎች የባሌን ጆሮ ጠብቀው አደረሱት።

ያቤሎ ያረፍንበት ቤት ባለቤት አቶ ገልገሎ ይባላሉ። ረጋ ያሉ፣ ኮፍያቸውን ከራሳቸው የማያወርዱ ሰው ናቸው። እንግዳ ሲመዘግቡ መታወቂያ ስለሚይዙ ቶማስ የመኖሪያ ፈቃዱን ሰጣቸው። አገላብጠው አዩትና «ከእኔ ይልቅ እርስዎ ኢትዮጵያ ቆይተዋል፤ እኔ ገና ሠላሳ ሦስቴ ነው» ብለው አሳቁን። ለመታጠቢያ ውሃ ራሳቸው አሙቀው በባልዲ አመጡልን። በማግስቱ ማለዳ የሞያሌው ሚኒባስ በር ላይ ጥሩምባውን ሲነፋ ሻንጣ እየጎተትን ሮጥን።

ረቡዕ

ከያቤሎ እስከ ሞያሌ አገሩ ቀይ ነው። ምስጦቹ የሠሩት ኩይሳ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ግመሎች መሃል መንገድ ላይ ቆመው መኪናውን ገረፍ አድርገው ያዩትና በገዛ ጊዜያቸው ያልፋሉ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሞያሌ ደረስን። ሐሙስ ናንዩኪ ገብተን አርብን ስናርፍ ይታየኛል።

ድንበሩ ላይ የሁለቱ አገር ሠራተኞች አንድ ግቢ ውስጥ ነው የሚሠሩት። በኬንያ በኩል ያለችው ሠራተኛ ወጣት ሴት ናት፤ አማርኛዋን ከሞያሌ ገበያ የለቀመችው ይመስላል፣ ግን ታስረዳለች። የእኔን ፓስፖርት ከፍታ አየችና ማኅተሙን አነሳች። ከዚያ የቶማስን ከፈተች። ማኅተሙን መልሳ አስቀመጠችው።

«የአባባ የጉዞ ፈቃድ የታለ?»

«መኖሪያ ፈቃድ አለው። ቋሚ ነው» አልኳት።

«እሱ አይደለም። በኢንተርኔት የሚሞላ፣ ከመምጣታቸው በፊት የሚያገኙት።»

«እሱ እኮ የሚኖረው ኢትዮጵያ ነው! ከእኔ ጋር! እኔን አልጠየቅሽም!»

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። እሷ ግን አልተቆጣችም።

«እማማ፣ እኛ የምናነበው ፓስፖርቱን ነው። ህንድ ይላል። የሚኖሩበትን አገር አናነብም። መኖሪያ ፈቃዱ የሚጠቅማቸው ወደ ቤት ሲመለሱ ነው።» ከዚያም እንዳዘነች እያስታወቀባት፣ «ዛሬ ከሞሉ እስከ ሦስት ቀን ሊወስድ ይችላል» አለች።

ሦስት ቀን ማለት ቅዳሜ ማለት ነው።

ማኅተሙን እንደገና አነሳችና «እርስዎን ልምታልዎት ወይስ ይጠብቃሉ?» አለችኝ።

ቶማስ ሰምቷል። «ሂጂ ትሩዬ» አለኝ። «ሐና አንዳችንን እንኳ ትይ። እኔ ከደረሰልኝ እመጣለሁ።» ፊቱን ሳየው ተማሪዎቹ ሁሉ የወደቁበት መምህር ይመስል ነበር። በአንድ ጆሮው የሚሰማ ሰው፣ በማያውቀው ከተማ፣ ብቻውን። በሌላ በኩል አንድያ ልጄ።

እጄን ዘርግቼ ፓስፖርቴን ወሰድኩ። «እጠብቃለሁ» አልኳት።

ከግቢው ወጥተን ሻንጣችን ላይ ተቀመጥን። ከኋላችን ተሰልፈው የነበሩ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ሻሽ ያሰሩ ሴትዮ መጡና ፊታችን ቆሙ። ጡሜ ይባላሉ፣ በአገሬው አክብሮት አዴ ጡሜ ነው የሚሏቸው፤ በሁለቱም ወገን የሚነግዱ፣ በሁለቱም ወገን ዘመድ ያላቸው ሰው ናቸው። ሁለት ስልክ ይይዛሉ፣ አንዱ የኢትዮጵያ አንዱ የኬንያ መስመር። «ፀሐይ ላይ ከምትደርቁ ቤቴ ቅርብ ነው። ፎርሙን ከዚያ እንሞላለን» አሉን።

ቤታቸው ስንገባ የፍየል ሥጋ ቀረበ። ረቡዕ ነውና እንደምንጾም ልናገር አፈርኩ፣ ልተወው አልሆነልኝም። አዴ ጡሜ ነገሩ አፌ ላይ ሲንጠለጠል አይተው «ዛሬ የእናንተ ጾም ነው ለካ!» ብለው ሰሃኑን አነሱት፤ እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ ረቡዕንና አርብን ግን ከጎረቤቶቻቸው ያውቃሉ። ብዙም ሳይቆይ በዘይት የተሠራ ባቄላና የህንዶቹ ቂጣ፣ ትኩስ ቻፓቲ መጣ። ቶማስ ቻፓቲውን ቆርሶ በባቄላው ሲጠቀልል ጣቶቹ እንጀራ ሲቆርሱ ከማውቃቸው ይልቅ ፈጠን አሉ።

ፎርሙን በአዴ ጡሜ የኬንያ ስልክ ሞላን። ዜግነት ሲል ህንድ፣ የሚኖሩበት አገር ሲል ኢትዮጵያ። ክፍያው በእኛ ባንክ ካርድ እንቢ ስላለ ሐና ከናንዩኪ ከፈለች። በስልክ አለቀሰች።

«ያለ አባዬ ቤተ ክርስቲያን አልገባም፣ እማዬ። በቃ አልገባም።»

«ትገቢያለሽ፤ እሱም ይመጣል» አልኳት። ከምን ተነስቼ እንዳልኩት አላውቅም።

ሐሙስ

ጠዋት ከስልኩ የመጣው መልስ ፎቶውን አንቀበልም ይላል። ጆሮው ላይ ያለው ትልቅ ነጭ ፋሻ ፊቱን ሸፍኗል። ሐኪሙ «ጥጡን እንዳትነካው» ብሎታል እንጂ ስለ ፋሻው ምንም አላለም ተባባልን፤ ፋሻውን በሞቀ ውሃ አርሼ አነሳሁት፣ ጥጡ ውስጥ እንዳለ። አዴ ጡሜ ነጭ አንሶላቸውን ከአልጋ ገፈው ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ ሰቀሉት። ነፋሱ አንሶላውን ቶማስ ራስ ላይ እየጠመጠመው አራት ጊዜ ተነሳ። አምስተኛው ላይ እኔ በአንድ ጫፍ፣ የአዴ ጡሜ ጎረቤት በሌላ ጫፍ ወጥረን ይዘን ቆመን፣ ፎቶው አለፈ።

ከሰዓት ሌላ መልስ መጣ፤ ኢትዮጵያ በሕግ እንደሚኖር የሚያሳይ ማስረጃ ላኩ ይላል። ይኼማ አለን ብዬ ቦርሳዬን ከፈትኩ። ካርዱ የለም። ቦርሳውን አልጋ ላይ ገለበጥኩት፣ ሻንጣውን ፈታሁት፣ በርበሬው ተበተነ፣ ሁላችንም አነጠስን። የለም። ቶማስ ቀስ ብሎ አልጋው ላይ ተቀመጠና «ያቤሎ ነው» አለ። በሚኒባሱ ጥሩምባ ስንሯሯጥ ከአቶ ገልገሎ መዝገብ ላይ ሳንቀበል ወጥተናል።

የማረፊያው ደረሰኝ ላይ ስልክ ነበረ። ደወልኩ።

«እኔስ የምደውልበት ቁጥር አጥቼ ስጨነቅ ነበር» አሉ አቶ ገልገሎ። «ካርዱ ኪሴ ውስጥ ነው። ሰው እጅ እንዳይወድቅ ብዬ ይዤው ነው የምዞረው።»

የሆነውን ነገርኳቸው። ወዲያው ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንስተው ላኩልን፤ ዋናውን ደግሞ በማግስቱ ጠዋት በሚኒባስ ሾፌር እጅ እንደሚልኩት ቃል ገቡ። ዋናው ካልመጣ ደግሞ ቶማስ ወጥቶ ለመመለስ ይቸግረዋልና ፈቃዱ ቢደርስ እንኳ መሻገር አይችልም።

አመሻሽ ላይ ከተማውን ዞር ዞር አልን። ሞያሌ የኢትዮጵያውም የኬንያውም አንድ ገበያ ነው የሚመስለው፤ ሰዉ ጀሪካን ተሸክሞ፣ ፍየል እየነዳ፣ ወዲያ ወዲህ ይላል። ቶማስ የሚሻገሩትን በዓይኑ እየተከተለ፣

«ትሩዬ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ኖሬ እንግዳ መሆኔን ያወቅኩት ትናንት ነው» አለኝ።

«እንግዳ ሸሚዙን ራሱ አያጥብም» አልኩት። «ና ግባና ያንን አንገትጌ እጠበው፣ ከነገ ወዲያ ሠርግ አለብህ።» ሳቀ። ገብቶም አጠበው።

አርብ

አራት ሰዓት ላይ ከያቤሎ የመጣው ሾፌር የአዴ ጡሜን ግቢ ጠይቆ አገኘን። ካርዱ ፖስታ ውስጥ ታሽጎ ነበር፤ አብሮት አቶ ገልገሎ «ለሙሽራዋ» ብለው የላኩት አንድ ትንሽ ጠርሙስ ማር። ሾፌሩ ሻይ እንኳ አልጠጣም፤ ሰው ጭኖ ቆሟል።

አሁን ቀረ የተባለው ፈቃዱ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ የሚመጣው በአዴ ጡሜ ስልክ፣ አዴ ጡሜም ወደ አርብ ገበያቸው ሄደዋል። በእኛ የተነሳ ገበያቸው አይቅር ብለን አልከለከልናቸውም። ሻንጣ ቆልፈን በር ላይ ተቀመጥን። ለሐና ከስድስት ሰዓት በፊት ካልሰማን እኔ ብቻዬን እንደምመጣ ነግሬያት ነበር። አምስት ሰዓት ሆነ። አምስት ተኩል ሆነ።

ከመንገዱ ጫፍ አቧራ ተነሳ። አዴ ጡሜ ናቸው፤ ቀሚሳቸውን በአንድ እጅ ሰብስበው፣ ስልኩን በሌላው ከራሳቸው በላይ አንስተው ይሮጣሉ። እኔ የሃምሳ ዓመት ሴት እንዲያ ስትሮጥ አይቼ አላውቅም።

«ፈቅደዋል! ፈቅደዋል!»

ቶማስ አልሰማም፤ በታመመው ጆሮው በኩል ነው የመጡት። ትከሻውን ይዤ ወደ ስልኩ አዞርኩት። መነጽሩን አደረገ፣ አነበበ፣ አንዴ ደግሞ አነበበ። ከዚያ የሚያደርገው የጠፋበት ሰው ይመስል እጁን ዘርግቶ አዴ ጡሜን ጨበጣቸው፤ አልለቀቃቸውም።

ድንበሩ ላይ ያቺው ልጅ ነበረች። የእኔን መታች። የቶማስን ከፈተች፣ ስልኩን አየች፣ ማኅተሙን አነሳች፣ መታች። «ካሪቡ፣ አባባ» አለችው፤ እንኳን ደህና መጡ ማለት ነው። እልልታው ከየት እንደወጣ አላውቅም፤ ከእኔ ነው የወጣው። ከአጥሩ ወዲያ አዴ ጡሜ ተቀበሉኝ። ሰልፈኛው ዞሮ አየን፣ ወታደሩም ሳቀ።

ይህን ጽሑፍ ለጥቅም የምታነቡ ካላችሁ ይህቺን ያዙ፤ የጎረቤት አገር ሕግ የሚያየው የፓስፖርታችሁን አገር እንጂ የምትኖሩበትን አይደለም፤ መኖሪያ ፈቃዳችሁም ለመመለስ ያስፈልጋችኋልና ከእጃችሁ አይለይ። ሕጉ ደግሞ ይለዋወጣልና ከመነሳታችሁ በፊት ከራሱ ከኤምባሲው ጠይቁ።

ወደ ማርሳቢት የምንሄድበትን መኪና ያገኙልን አዴ ጡሜ ናቸው፤ የእህታቸው ባል ወደዚያው ይሄድ ነበር። እኔ ደስታው አሳብዶኝ የፊተኛውን በር ከፍቼ ዘው ብዬ ስቀመጥ ፊቴ መሪ አገኘሁ። ኬንያ የሚነዳው በመንገዱ ግራ ነው፣ መሪውም በቀኝ በኩል ነው። ሰውየው በትህትና «ማማ፣ መንዳት ይፈልጋሉ?» አለኝ። ቦታዬን ለቀቅኩ፤ ግን መጀመሪያ ከፊት የመጣውን የጭነት መኪና ባየሁ ጊዜ ጮኼ ዓይኔን ጨፈንኩ። መንገዱ ለስላሳ አስፋልት ነው፤ አንድም «ጆሮ!» የሚያስብል ጉድጓድ የለውም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማርሳቢት ገባን። ከዚያ ሁሉ በረሃ በኋላ ጫካና ጉም የለበሰ ተራራ ነው፣ ብርዱ እንጦጦን ያስታውሳል። የማረፊያው ሴትዮ ሁለት ብርድ ልብስ ጨመሩልን።

ቅዳሜ

ማለዳ ተነሳን። ወደ ናንዩኪ የሚወስደንን ሾፌር በስንት ሰዓት እንደርሳለን ብዬ በእንግሊዝኛ ስጠይቀው በስዋሂሊ «ሳ ሲታ» አለኝና በጣቱ ስድስት አሳየኝ። ስድስት ሰዓት፣ እኩለ ቀን! ለካ እነሱም በስዋሂሊ ሲያወሩ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ከንጋት ጀምረው ነው። ስንት ዘመን ፈረንጅ ሰዓታችሁ ዞሯል እያለ ሲያርመን ኖሮ፣ ጎረቤታችን እንደኛው ይቆጥር ነበር።

እንዳለውም ስድስት ሰዓት ሲሆን ናንዩኪ ገባን። ደመናው ተገፎ የኬንያ ተራራ ጫፉ ላይ በረዶ ይዞ ቆሟል። ሠርጉ ስምንት ሰዓት ነው። ሐና ቀሚሷን እንደለበሰች በር ላይ ወጥታ ቆማ ነበር። አባቷን ስታይ መጥታ ግንባሯን ደረቱ ላይ አሳረፈች፣ እሱም እጁን ጭንቅላቷ ላይ አደረገ። አንገትጌው ንጹህ ነበር።

በእኛ ሥርዓት አዲስ አበባ መጥተው እንደሚባረኩ ተስማምተናል፤ የዚያን ቀን በሙሽራው ወላጆች ቤተ ክርስቲያን ነበር። ቶማስ ልጁን በቀኙ ይዞ፣ ቀጥ ብሎ፣ ክፍል ውስጥ በሚራመድበት አረማመድ መሃሉን አለፈ። ለዚህ ብዬ ሦስት ቀን እሳት ላይ ተቀምጫለሁ፤ ሠላሳም ቢሆን እቀመጣለሁ።

ግብዣው ላይ መድረክ መሪው የሙሽራዋን አባት ጠራ። «በአገርዎ ቋንቋ ይመርቁልን፤ መልእክቱ ይገባናል» አለው። ቶማስ ማይክራፎኑን ተቀበለ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ውለዱ፣ ክበዱ» አለ። «የያዛችሁት ይርጋ፣ የዘራችሁት ይብቀል። ከበራችሁ እንግዳ አይታጣ፤» ሲል «አይታታ» ሆነበት፤ «ከአፋችሁ ደግ ቃል አይራቅ። ልጅ ወልዳችሁ ለልጃችሁ ሠርግ ያብቃችሁ።»

ቃሉን ባይሰሙም ዜማው ሲያርፍ አዳራሹ በሙሉ «አሜን!» አለ። ባረፈ ቁጥር «አሜን!» አጠገቤ የተቀመጡት የኪማኒ አያት፣ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው መሃል ያቆሙ ሽማግሌ፣ ወደ እኔ ጠጋ አሉና በእንግሊዝኛ፣

«ይህ የህንድ ቋንቋ እንዴት ደስ ይላል!» አሉኝ።

አልመለስኩላቸውም። አሜን እያልኩ ነበር።